ክቡር ጋሽ ድሮ ዘመውጫ

ከተማ በተባለ ቦታ ሁሉ፣ በየመንገዱ አንድ አንድ የታሪክ ሚኒስትር አለ። ማንም አልሾመውም፤ ስለዚህ ማንም አይሽረውም። ቢሮው የገዛ ደጃፉ፣ ማኅተሙ ምላሱ፣ የሥራ ሰዓቱም እናንተ የቸኮላችሁበት ሰዓት ነው። ድስት ጥዳችሁ ሽንኩርት ልትገዙ ብቅ ስትሉ ያኔ ይጠብቃችኋል። "ቆይ እስቲ፣ ይሄ የቆምክበት ድንጋይ ድሮ ምን እንደነበር ታውቃለህ?" ይላል። አታውቁም። ማወቅም አትፈልጉም። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ግን በደንብ ታውቃላችሁ፤ ድስቱም አርሯል።

መውጫ በሚባለው መንገድ ይህን ሥልጣን የያዙት ጋሽ ድሮ ናቸው። እናት አባታቸው ያወጡላቸውን ስም የሚያስታውስ የለም። ከአፋቸው ቀድሞ የሚወጣው ቃል ሁልጊዜ "ድሮ" ስለሆነ፣ ስሙ ራሱ መጥቶ ተለጠፈባቸው። ጎረቤታቸው ታፔላ ጻፊው ደግሞ ማዕረግ ጨምሮበት "ክቡር ጋሽ ድሮ ዘመውጫ" አላቸው። ታፔላ ጻፊው በማዘጋጃ ቤቱ የታፔላ ክፍል ሠላሳ ሰባት ዓመት ብሩሽ ይዞ የኖረ፣ ጡረታ ሊወጣ አምስት ወር የቀረው፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነው። በዚያ መንገድ ከኖረበት ዕድሜ ሩቡን የጨረሰው ጋሽ ድሮ አጠገብ ቆሞ "አሃ"፣ "እንዴ?" ሲል እንደሆነ ያምናል።

መንገዱ ጠባብ ነው። በግራ በኩል ልብስ ሰፊዋ ማሽኗን ደጅ አውጥታ ትሰፋለች፤ በቀኝ የሰዓት ጠጋኙ መስኮት አለ፤ ቀጥሎ የታፔላ ጻፊው አንድ ክፍል፤ መጨረሻ ላይ መንገዱን እንደ ጠርሙስ ቡሽ የደፈነው የጋሽ ድሮ ቤት። ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። መግቢያው ላይ በተተከለው ሰማያዊ ታፔላ ግን፣ በነጭ ፊደል፣ "መውጫ" ተብሎ ተጽፏል።

ይህ ታፔላ ስንቱን ጉድ ሠርቶታል። ሾፌሩ አቋራጭ አገኘሁ ብሎ ይገባና ከጋሽ ድሮ በር ጋር ይፋጠጣል። መዞሪያ የለም፤ ወደ ኋላ መውጣት ነው። ጋሽ ድሮ ከበራፋቸው የሚነሡት ይህን ጊዜ ነው። እጃቸውን በመኪናው መስኮት ላይ አሳርፈው፣ ወደ ኋላ ከሚሄደው መኪና ጋር እኩል እየተራመዱ፣ "ድሮ'ኮ በዚህ መንገድ አራት ጋሪ ጎን ለጎን ያልፍ ነበር" ይላሉ።

"አባቴ ይጠንቀቁ፣ እግርዎን እንዳልረግጠው።"

"እግሬን ተወውና ስለ ጋሪዎቹ ስማ።"

አንድ ቀን ደግሞ የሰዓት ጠጋኙን ሰዓት የነጠቀ ሌባ ታፔላውን አምኖ ሲበር ገባ። ግንብ ሲሆንበት ቆሞ አለከለከ። ጋሽ ድሮ አልያዙትም፣ አልጮሁበትም፤ "ደክሞሃል፣ ተቀመጥ" ብለው ከአጥሩ ታሪክ ጀመሩለት። ሰዎች ሲደርሱ ሌባው ሰዓቱን በገዛ እጁ አስረክቦ፣ "ወደ ጣቢያ ውሰዱኝ ብቻ" ብሎ ለመነ።

ለመሆኑ መውጫ የሌለው መንገድ ለምን መውጫ ተባለ? ይህን ጋሽ ድሮን መጠየቅ ቀን መጨረስ ነው። ዋናው ትንታኔያቸው ስሙ የፀሐይ መውጫ ማለት ነው የሚል ነበር። የሰዓት ጠጋኙ አንድ ቀን ደፈረና፣ "ጋሽ ድሮ፣ ፀሐይ'ኮ በእርስዎ ቤት በኩል ትጠልቃለች እንጂ አትወጣም" አላቸው።

ለአፍታ እንኳ አልደነገጡም። "አሁን ነዋ" አሉት።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ታፔላ ጻፊው ከንፈሩን ነክሶ ዝም ይላል። ዝም የሚለው ጨዋ ስለሆነ ብቻ አይደለም። የዚያን መንገድ ታሪክ ጠንቅቆ የሚያውቀው እሱ ነው፤ ታሪኩም ከአንድ ቆርቆሮ ቀለም አይበልጥም።

በተቀጠረ በመጀመሪያው ወር፣ "መውጫ የለውም ብለህ ጻፍ" ተብሎ መሰላል ተሸክሞ ወደዚህ መንገድ መጣ። "መውጫ" ብሎ እንደጨረሰ ነጩ ቀለም አለቀበት። መሰላሉን ግንብ ላይ አስደግፎ ቀለም ሊያመጣ ወደ መጋዘን ሄደ። መጋዘን ጠባቂው ምሳ ወጥቷል። ሲጠብቀው አለቃው ሥራ ፈትቶ አገኘውና ሆስፒታል በር ላይ "ጸጥታ ይከበር" ብሎ እንዲጽፍ ላከው፤ ከዚያ ትምህርት ቤት፣ ከዚያ ሽንት ቤት። "የለውም" የምትለዋ ቃል ሳትጻፍ ቀረች። ከዓመታት በኋላ ርካሽ ኪራይ ፍለጋ እዚያው መንገድ ላይ ክፍል ሲይዝ፣ አንድ እሑድ ጨርሼው ከዕዳዬ እገላገላለሁ ብሎ ነበር። ግን የልጆች የልደት ወረቀት ላይ "መውጫ" ተጽፏል፤ ደብዳቤ "ለመውጫ ነዋሪዎች" እየተባለ ይመጣል። ሰው የተወለደበትን ስም በብሩሽ ማረም አስፈራው።

መከራው የመጣው ከፕላን ቢሮ ነው። የከተማውን ካርታ ዘርግተው አዲስ ሰፊ መንገድ ሲያሰምሩ፣ "መውጫ" የሚል ጽሑፍ አዩና መስመሩን በዚያ ሰደዱት። ስሙ መውጫ ከሆነ ያወጣል፣ አለቀ። ቀጥሎ ለመለካት አንድ ቀያሽ ተላከ። ቀያሹን ማን እንደተቀበለው መገመት አያቅታችሁም። ሰውየው ማስታወሻ ደብተር የያዘና የሚነገረውን ሁሉ የሚጽፍ ዓይነት ነበር። ጋሽ ድሮ የሚናገሩትን የሚጽፍ ሰው በዕድሜያቸው ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነውና ነገር ዓለሙን ረሱት። አራቱን ጋሪዎች ስድስት አደረጓቸው።

ከሁለት ወር በኋላ በራቸው ላይ ወረቀት ተለጠፈ። ቤቱ "ከጥንት ጀምሮ ስድስት ጋሪ ጎን ለጎን ያሳልፍ የነበረን የሕዝብ መውጫ ዘግቶ ያለ አግባብ የተሠራ" ስለሆነ ይፈርሳል ይላል። ማስረጃ አንድ፦ የመንገዱ ስም። ማስረጃ ሁለት፦ የአካባቢው ታሪክ አዋቂ የሰጡት ቃል። ጋሽ ድሮ ወረቀቱን ሁለቴ አነበቡት። ልብስ ሰፊዋ እንደምትለው፣ ስድስት ጋሪ የሚለው ጋ ሲደርሱ ፊታቸው በራ ብሎ ነበር። መጨረሻው ጋ ሲደርሱ ግን ግድግዳውን ይዘው ቀስ ብለው ተቀመጡ። የተወለዱበት ቤት ነው፤ ሌላ የላቸውም።

አቤቱታ ያለው ይቅረብ የሚል ቀን ተቆረጠ። ታፔላ ጻፊው ሦስት ቀን እህል አልወርድህ አለው። ጋሽ ድሮ ጆሮውን ያደሙት ሰው ናቸው፤ ስንት ጊዜ እግዜር አንድ ሳምንት እንኳ ጉሮሮአቸውን ቢዘጋልኝ ብሏል። አሁን ግን እኚህ ሽማግሌ በሰማንያ ዓመታቸው ሜዳ ላይ የሚወድቁት እሱ ቀለም ስላለቀበት ነው። እውነቱን መናገር ማለት ደግሞ የሰውየውን የዕድሜ ልክ ታሪክ በአደባባይ ተረት ማድረግ ነው። ቤታቸውን ላድን ስል አፋቸውን ልዘጋው ነው እያለ ተብሰለሰለ።

ስብሰባው የማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ነበር። የኮሚቴው ሰብሳቢ ማንኛውም ሰብሳቢ የሚመስለውን ይመስላሉ፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽር ይፈልጋሉ። ታፔላ ጻፊው እጁን አውጥቶ ተነሣ።

"ታፔላውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አልጨረስኩትም። ቀለም አልቆብኝ ነው። 'መውጫ የለውም' ነበር የሚለው። መንገዱ ድሮም መውጫ አልነበረውም።"

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አገኙት።

"የየትኛው መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነህ?"

"የእናንተው።"

"ጡረታህ መቼ ነው?"

"አምስት ወር ቀረኝ።"

"እንግዲህ ስማ" አሉ ሰብሳቢው፣ ብዕራቸውን እየከፈቱ። "ጥፋተኛ ከሌለ ፕላኑ ትክክል ነው። ፕላኑ ስህተት ነው ካልን ግን ጥፋተኛ ያስፈልጋል፤ እሱም ይኸው ቆሟል። የመንግሥት ሥራ ጥለህ ሄደሃል። ጉዳይህ ተጣርቶ እስኪያልቅ ጡረታህ ይታገዳል፤ መቼ እንደሚያልቅ እኔ አላውቅም።" ስሙን ጻፉ። ከዚያ ወደ ጋሽ ድሮ ዞሩ። "አባት፣ ይሄ ሰው የሚለው እውነት ነው? እውነት ነው ካሉ ቤትዎ አይነካም።"

አንዲት "አዎ" ነበረች የቀረችው። ልብስ ሰፊዋ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጠበቀች። ጋሽ ድሮ ተነሡ፤ የኮታቸውን ቁልፎች አንድ በአንድ ቆለፉ።

"ድሮ" ብለው ጀመሩ፤ ከኋላ አንድ ሰው አቃሰተ። "ድሮ፣ ይሄ ልጅ ሳይወለድ፣ ስሙ መውጫ ነበር። ታፔላውን አሟልቶ ነው የጻፈው፤ አንዲት ፊደል አልጎደለችም። ቤቴ እንዳይፈርስ አስቦ ነው የሚዋሸው። ሞኝ ነው፤ አትፍረዱበት።"

ሰብሳቢው የታፔላ ጻፊውን ስም ሰረዙ። ፕላኑ ትክክል ሆነ።

የመንገዱ ሰው ተናደደ። "በገዛ ምላሱ ቤቱን አፈረሰ" አለ የሰዓት ጠጋኙ፤ "መሳሳቱን ከማመን ሜዳ ላይ ማደር መረጠ።" ታፔላ ጻፊውም እንዲሁ አሰበ። እንደዚያ ተዋርዶ፣ የጡረታውን ነገር አደጋ ላይ ጥሎ፣ ሰውየው ለትዕቢታቸው ሲሉ ሊያድናቸው የዘረጋውን እጁን ቆረጡት። ሦስት ሳምንት ሰላምታ ነፈጋቸው። በበራፋቸው ሲያልፍ ራሱን አቀርቅሮ አለፈ። እሳቸውም አላስቆሙትም፤ ይህ ራሱ ሊያስደነግጠው በተገባ ነበር፣ ግን ንዴቱ እንዲያስብ አልፈቀደለትም።

የሚፈርስበት ቀን ሲደርስ ልቡ እምቢ አለውና ዕቃ ሊያግዝ ሄደ። ጋሽ ድሮ ወደ እህታቸው ልጅ ቤት፣ ከተማው ዳር፣ አራተኛ ፎቅ ሊገቡ ነው። እዚያ ደጃፍ የለም፤ በር ሲከፈት ሌላ በር ነው የሚታየው። የጭነት መኪናው መንገዱ ውስጥ ገብቶ ቆሟል። ዕቃው ግማሽ እንኳ አልሞላውም። ጋሽ ድሮ የታሰረ ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል።

ታፔላ ጻፊው ጥያቄው ከአፉ አመለጠው። "ለምን እንዲህ አደረጉ? አንዲት አዎ ብቻ'ኮ ነበረች።"

ጋሽ ድሮ ሲመልሱ "ድሮ" ብለው አልጀመሩም።

"አንተ መሰላልህን አስደግፈህ የሄድክ ቀን እኔ እዚህ በሬ ላይ ቆሜ ነበር" አሉ። "በማግስቱ ተቆጣጣሪ መጣ። 'ይሄን ታፔላ ማን ነው ሳይጨርስ የሄደው?' አለኝ። አየህ፣ አንተን አስታወስኩህ። ጫማህ የተለያየ ነበር፤ አንዱ ቡኒ፣ አንዱ ጥቁር። ይሄ ከሥራ ቢባረር ምን ይውጠዋል አልኩ። 'አልጎደለም፣ የሰፈሩ ስም ነው' አልኩት። 'ምን ማለት ነው?' ሲለኝ ጨነቀኝ። የፀሐይ መውጫ አልኩት።"

ታፔላ ጻፊው የያዘውን ወንበር መሬት አስቀመጠ።

"ከዚያ ሌላው መጥቶ ጠየቀኝ፤ መለስኩለት። ሌላው ደግሞ ጠየቀ። አንዴ ከጀመርክ ማቆሚያ የለውም። እኔ'ኮ ከዚያ በፊት ብዙ አልናገርም ነበር፤ ሰውም አያውቀኝም። ያን ቀን አዳራሽ ውስጥ ሰብሳቢው ስምህን ሲጽፍ አየሁት። ዛሬ የምተውህ ከሆነ ያኔ ለምን አዳንኩህ?"

ሰውየው ታሪክ ጨረሱ፤ እሱም አጭር ነበር። ታፔላ ጻፊው ወንበሩን ትቶ ወደ እሳቸው ጠጋ አለ። በሠላሳ ሰባት ዓመት ያ ሁሉ ጎረቤት፣ ያ ሁሉ ሾፌር፣ እሱም ራሱ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ለጋሽ ድሮ ብሎት የማያውቀውን ቃል አላቸው።

"ከዚያስ?"

ጋሽ ድሮ ቀና ብለው አዩት። የሚያሾፍባቸው መስሏቸው ፊቱን ትንሽ መረመሩት።

"ከዚያማ ምን አለ" አሉ። "ተቆጣጣሪው ሄደ፤ እኔም ቤቴ ገባሁ።" እጃቸውን ወደ በራቸው ዘረጉ። በሩ ተነቅሎ መኪናው ላይ ተጭኖ ነበር። እጃቸው ለጥቂት ጊዜ እንደተዘረጋ ቀረ።

ታፔላ ጻፊው ፍራሹ ላይ አጠገባቸው ተቀመጠ። ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። ሁለቱም አልተነሡም።