ድንኳኑ ግን ይምጣልኝ

«ውጡ!» ባይ ጎረቤት አላችሁ? እኔ አለኝ፤ እዚሁ ሰሚት ኮንዶሚኒየም። እንግሊዞች ከአውሮፓ ኅብረት ለመውጣት ሲደራደሩ፣ ይኸው ጎረቤቴ ታደለ ሰፈራችን ካፌ ተቀምጦ ቴሌቪዥኑ ላይ ይጮህ ነበር፦ «የምን ድርድር ነው? በሩን ድርግም አድርጎ መውጣት ነው እንጂ!»

ኋላ እሱም ከብሎካችን እድር እንደዚያው ወጣ። «ምን ይፈይድልኛል!» ብሎን።

እናቱ ያረፉ ዕለት ታዲያ የማንን በር አንኳኳ? የእኔን፣ የእድሩን ዳኛ!

«መውጣቱን ወጥቻለሁ፤ ድንኳኑና ወንበሩ ግን ይምጣልኝ። በዚህ እንስማማ።»

እንስማማ ይለኛል እንዴ? ደሜ ፈላ! ግን እናቱ እትዬ አስካለ ከማንም አልወጡም፤ በየለቅሶው ከእኛ ጋር ሲቀመጡ የኖሩ ሴት ናቸው። ለእሳቸው ብለን ድንኳኑን ተከልን።

እዚያው ድንኳናችን ውስጥ፣ ወንበራችን ላይ ተቀምጦ፣ አጠገቡ ላለው ሰው ምን ቢለው ጥሩ ነው?

«አየህ፣ ወጥቼም ምንም አልቀረብኝ!»