ባዶ መኪና የሚነዱት ልጆች

ጎማ የፈነዳበት ሰው ያገኘውን ሁሉ ያነባል። ከየት አመጣኸው እንዳትሉኝ፤ ሸዋ ሮቢት፣ ዋናው አስፋልት ዳር ጎሚስታ ቤት ከፍቼ ዕድሜዬን ጎማ ስለጥፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። የእኛ አገር ሙቀት ደግሞ ጎማ አይምርም። መኪናው በክሪክ ተሰቅሎ ሰውየው ምን ያድርግ? መጀመሪያ ስልኩን ይጎረጉራል። ባትሪው ሲያልቅ እኔን ይቆጣል። እኔን ሲሰለች ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ያለፈ ዓመት ካላንደር ቁጭ ብሎ ያነባል። ስለዚህ አግዳሚው ላይ መጽሐፍ ማስቀመጥ ጀመርኩ። ለእውቀት ብዬ እንዳይመስላችሁ፣ እንዳይቆጡኝ ነው።

ከነዚያ መጻሕፍት አንዱ ነው ከተማውን ያመሰው። አንድ ተሳፋሪ አውቶቡሱ ሲጠገን ጠብቆ፣ ጠብቆ፣ ሲሄድ ረስቶት ሄደ። ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ የአሜሪካኖች ልብ ወለድ ነው። አርዕስቱን አትጠይቁኝ፤ ሽፋኑን አንዱ ገንጥሎ ማራገቢያ አድርጎታል። እኛ ዘንድ ሽፋኑ ያልተገነጠለ መጽሐፍ ካያችሁ ማንም አላነበበውም ማለት ነው።

ታሪኩ ባጭሩ ይኼ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የነበሩ ወጣቶች ሥራ፣ ትዳር፣ ደሞዝ የሚባል ነገር አንገሸገሸን ብለው አሮጌ መኪና አስነስተው ይሄዳሉ። ከአንዱ ባሕር እስከ ሌላው ባሕር ይነዳሉ። ደርሰው ምን ያደርጋሉ? ይመለሳሉ። መሐል ላይ ግጥም ይጽፋሉ፣ ሙዚቃ ይሰማሉ፣ ያፈቅራሉ፣ ያፈቀሯትን ትተው ደግሞ ይነዳሉ። አለቀ።

ጡረታ የወጡት የእንግሊዝኛ መምህር ጋሼ አበራ መጽሐፉን በአንድ ትንፋሽ ጨርሰው፣ ነጻነት ማለት ይኼ ነው አሉ። ጋሼ አበራ መንገድ ይወዳሉ። የማይወዱት መሳፈር ብቻ ነው። ደብረ ሲና ለቅሶ ደርሰው የመጡ እንደሆነ ሳምንት ሙሉ ወገቤን ይላሉ።

ያን ዕለት ሙሉጌታ ጎማ ሊያስለጥፍ መጥቶ ነበር። ሙሉጌታ የአይሱዙ ሹፌር ነው፤ የቆላውን ሽንኩርት ወደ ሎግያ በረሃ ጭኖ ይወርዳል፣ ጨው ጭኖ ይመለሳል። የመምህሩን ውዳሴ በትዕግሥት ሰማና፣

«ጋሼ፣ ምን ጭነው ነው የሚሄዱት?» አለ።

«ምንም።»

«ሲመለሱስ?»

«ምንም!»

«ታዲያ ነዳጁን ማን ቀዳላቸው?»

ጋሼ አበራ ነገሩ ምሳሌ እንደሆነ፣ መንገዱም የነፍስ መንገድ እንደሆነ አስረዱት። ሙሉጌታ የነፍስም መንገድ ቢሆን ኬላ አያጣውም አለ። እኔ ከሹፌሩ ወገን ሆንኩ። ስለ መንዳት ከሹፌር ጋር ይከራከራሉ እንዴ? ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው።

ሽንኩርቱን የሚያስጭኑት ጀውሃ ወንዝ አጠገብ የሚያርሱት ሐጂ ሰይድ ናቸው። እሳቸውም መነጽራቸውን አድርገው እስከ ግማሹ አነበቡ። «ወላሂ፣ ክፉ ልጆች አይደሉም» አሉ። «ግን አንዱም እናቱን ተሰናብቶ አልወጣ።»

እስከዚህ ድረስ ጨዋታ ነበር። ነገር የመጣው መጽሐፉ አስፋልቱን ተሻግሮ እትዬ ብዙነሽ እጅ ሲገባ ነው። እትዬ ብዙነሽ ከጎሚስታዬ ፊት ለፊት ያለው ሆቴል ባለቤት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሆቴሉንም አንድ ልጃቸውን ሰላምንም ብቻቸውን ነው ያቆሙት። ሰላምና ሙሉጌታ እንደሚዋደዱ ደግሞ ከተማው ያውቃል። እሑድ ሽማግሌ ሆነን ልንገባ ተነጋግረናል። ሽማግሌዎቹም ሐጂ ሰይድ፣ ጋሼ አበራና ያለ ዕድሜዬ የሸበትኩት እኔ ነን።

ሐሙስ እትዬ ብዙነሽ መጽሐፉን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው መጡ።

«እነዚህ ልጆች ሹፌሮች አይደሉም ወይ?»

«ናቸው፣ እትዬ።»

«በየከተማው የወደደቻቸውን ሴት እየተዉ አይሄዱም ወይ?»

«ይሄዳሉ።»

«እንግዲያው ሙሉጌታ ምንድን ነው? እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሂያጅ ሳበላ ኖርኩ። ልጄ ደግሞ ሂያጅ ስትጠብቅ አትኖርም። ለመንገድ አልድራትም!»

ብለው ተመለሱ። ሙሉጌታ ይህን ሲሰማ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠና አቀረቀረ። «ሳልጭን ነድቼ አላውቅም፣ ሳልመለስም ቀርቼ አላውቅም» አለኝ። አንጀቴን በላው። የሰው ልጅ ባላነበበው መጽሐፍ ይፈረድበታል?

የገረመኝ ግን እትዬ ብዙነሽ ያን ሁሉ ተራግመው መጽሐፉን አለመመለሳቸው ነው። ባየኋቸው ቁጥር ባንኮኒው ላይ ዘርግተውታል። እትዬ፣ መጽሐፌን፣ ስላቸው ገና አልጨረስኩም ይላሉ። ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት።

እሑድ ደረሰ። ሽማግሌ ጉዳዩን ሳይናገር እንደማይቀመጥ ታውቃላችሁ። ቤታቸው ግን ሆቴሉ ነው፤ ሆቴል ውስጥ ሦስት ሰው ተሰልፎ ሲቆም ምን እንደሚመስል አስቡት። አዲሷ አስተናጋጅ ምን ልታዘዝ አለችን። ምንም አልናት። ቁጭ በሉ አለችን። አንቀመጥም አልናት። እንግዲያው መተላለፊያውን ልቀቁ ብላ ሳህን ተሸክማ በመሐላችን ሾለከች። ሐጂ ሰይድ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ያ ረቢ ይላሉ።

እትዬ ብዙነሽ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። መጽሐፉ አሁንም ብብታቸው ሥር ነው። የመጣንበትን ተናገርን። አልሰጥም ብያለሁ አሉ። ይኼን ጊዜ ሐጂ ሰይድ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እትዬ ብዙነሽ፣ እነዚያ ልጆች ባዶ ነው የነዱት። ባዶ መኪና ነፋስ እንኳ ያንገላታዋል። የኛ ልጅ ግን ጭኖ ይሄዳል፣ ጭኖ ይመለሳል። ጭነት ያለው ሰው የሚያራግፍበት ቤት አለው። ሰላምን ቢሰጡት ደግሞ፣ ኢንሻአላህ፣ ይበልጡን ይመለሳል።»

ጋሼ አበራ በዚህ ላይ ነጻነት የሚል ነገር ሊጨምሩ ሲሉ እግራቸውን ረገጥኳቸው።

ውጭ አንድ ተሳቢ እያጓራ አለፈ። እትዬ ብዙነሽ እስኪሰወር በዓይናቸው ሸኙት።

«እሺ» አሉ። «ግን አንድ ነገር እጠይቃለሁ።»

ወርቅ ነው ብለን ተያየን። ቤት ይሥራ ሊሉ ነው ብዬ እኔ ስለ ሙሉጌታ ላብ አሰመጠኝ።

«ከሠርጉ በፊት ጋቢና አስቀምጦ ሎግያ ድረስ ይውሰደኝ።»

ጋሼ አበራ ወገባቸውን ያዙ።

«እኔ ከአጣዬ አልፌ አላውቅም» አሉ፣ መጽሐፉን በመዳፋቸው እየዳበሱ። «ዕድሜዬን ሙሉ እዚህ በር ላይ ቆሜ በሰላም ግቡ ስል ኖርኩ። የት እንደሚገቡ አንድ ቀን አላየሁም።»

እውነቴን ነው፣ እንባዬ መጣ። ያ ሁሉ ቁጣ በመጽሐፉ ላይ አልነበረም ለካ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ እዚህ ያወጣው ሽፋን የሌለው መጽሐፍ ነው። ተቀመጥን። አስተናጋጇም በመጨረሻ ታዘዘች።

ሙሉጌታ ወሰዳቸው። መንገዱን ሁሉ መስኮት አላስዘጉኝም፣ እንቅልፍ የሚባል አላዩም ብሎ ነገረኝ። ሎግያ ሽንኩርቱ ሲራገፍ አሻግረው አዩና፣ «ከዚህ ወዲያስ ምን አለ?» አሉት። እሱ እንግዲህ ሞኝ ነው፤ ሌላም ከተማ አለ አላቸው።

ሠርጉ በደስታ አለፈ። ሐጂ ሰይድ መረቁ፣ ጋሼ አበራ ስለ ነጻነት ንግግር አደረጉ። ዛሬ ሻይ ልጠጣ ወደ ሆቴሉ ተሻገርኩ። ባንኮኒው ላይ ሰላም ናት። ሙሉጌታ ጓዳ ሆኖ አሳላፊ ያግዛል፤ ጨዉን አራግፎ ትናንት ገብቷል። እኔም ለጨዋታ ያህል፣ እናትሽ እንደፈሩት ሂያጅ ስትጠብቂ ትኖሪያለሽ ወይ ብዬ ጠየቅኳት።

«እኖራለሁ እንጂ!» አለችኝ፣ ስልኳን እያየች። «እማዬ ከሎግያ ወዲያ ሆና ደውላ ነበር። ከአንድ ደንበኛችን ጋር ጋቢና ተሳፍራ ነው የሄደችው።»

«ምን ጭነው?»

«ምንም።»

«ምን ይዘው ይመለሳሉ?»

«ምንም» አለች ሰላም። «መጽሐፍህን እንኳ ገና አልጨረስኩም ብላለች።»