በእንግሊዝኛ የሚቆጣው ጎረቤቴ

በእንግሊዝኛ የሚናደድ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ፍኖተ ሰላም ላይ አጋጥሞኛል። ጎረቤቴ የእንግሊዝኛ መምህር ነው፤ ቁጣን በየደረጃው ያስተምራል። ሲጀምር «ፊውም»፣ ሲብስ «ሬጅ»፣ ሲገነፍል ደግሞ «ኤክስፕሎድ» ነው። እኛ «ተናደደ» ብለን የምናልፈው ለካ ይህን ያህል ሀብት ኖሮታል!

በዚህ ክረምት አባቱ ከቡሬ ገጠር መጡ። ማዳበሪያ አጥተው በቆሏቸው ቢጫ ሆኗል፤ የመጡት ልጃቸው ግብርና ቢሮ ገብቶ እንዲናገርላቸው ነው። በመጡበት ዕለት ጧት ሽማግሌው በጭቃ እግራቸው ሳሎን ስለገቡ መምህሩ በጥርት ያለ አማርኛ ሲጮህባቸው በግድግዳው በኩል ሰምቻለሁ።

ከሰዓት እኔም አጃቢ ሆኜ ሦስታችንም ቢሮ ሄድን። ኃላፊው «ማዳበሪያ የለም» አለ። መምህሩ ብድግ ብሎ ግሦቹን ሁሉ በእንግሊዝኛ አወረደበት። እኔማ ጣሪያው የሚወርድ መስሎኝ ወንበሬን ጨብጬ ነበር። ኃላፊው ግን ፈገግ አለና «መምህር፣ እንግሊዝኛዎት ግሩም ነው!» ብሎ በክብር ሸኘን።

ደጅ ስንወጣ ሽማግሌው «ምን አልኸው ልጄ?» አሉ።

«ተቆጣሁት፣ አባዬ።»

ሽማግሌው ወደ ዝናቡ እየወጡ ጋቢያቸውን ተከናነቡ።

«ጧት እኔን በተቆጣህበት አፍ ብትቆጣው ምን ነበረበት?»