ስድስት ሜትር ጥቁር ጨርቅ

የሰው ነገር የሚከታተል ሰው ወሬኛ ይባላል። ይባል! እኛ ባንኖር ማን ታመመ፣ ማን ወለደ የሚለውን ሰፈሩ ከየት ይሰማ ነበር? እኔ በግንቡ መግቢያ፣ በፈላና በር አጠገብ ደጃፌ ላይ ተቀምጬ ያላየሁት አላፊ የለም። ሦስት ሳምንት የያዘኝ ሳል እንኳ ከቦታዬ አላነሣኝም።

ታዲያ አንድ ቀን ትዕግስት፣ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምረው የጎረቤቴ የእማማ ዘነበች ልጅ፣ ጥቅል ታቅፋ መጣች። ነፋሱ ወረቀቱን ገለጥ አደረገው፤ እኔ መች ነካሁት? ጥቁር ጨርቅ ነው። ዓይኗም ቀልቷል። ጨርቅ ነጋዴዋን ፋጡማን ብጠይቃት፣ ስድስት ሜትር እንደወሰደች፣ “ወፍራም ይሁን፣ ብርሃን የማያሳልፍ” እንዳለቻት ነገረችኝ።

እናንተስ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? ስድስት ሜትር ጥቁር ለእናትና ለልጅ ልክ ነው። ሾፌሩ ወንድሟ ግርማ ደግሞ ከደወለ ሳምንት አልፎታል። ምስኪን፣ መርዶውን ብቻዋን ይዛ ተጨንቃለች! መርዶ ደግሞ ወግ አለው፤ ሰው ተሰብስቦ፣ በማለዳ ነው የሚረዳው። የእድር ሴቶችን አስተባበርኩ። ጎህ ሲቀድ ነጠላችንን ዘቅዝቀን ደጃቸው ደረስን። ድንኳኑም በጋሪ ይከተለናል።

እማማ ዘነበች በሩን ከፍተው ሲያዩን “ማነው የሞተብኝ?” ብለው ጮኹ። ሴቱ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። “ግርማዬ!” ብለው ደረታቸውን ሊመቱ ሲሉ፣ ግርማ ራሱ ፊቱን በፎጣ እየጠረገ ከጓዳ ብቅ! ለካ ማታ ገብቷል። እኔ የሳል ሽሮፕ ጠጥቼ በጊዜ የተኛሁት በዚያች ማታ ብቻ ነው፤ ዕድሌን እዩልኝ።

እማማ “አንቺ አስካለ፣ ልጄን በቁሙ ልትቀብሪው ነው?” ብለው ያወረዱብኝን እዚህ አልጽፈውም። ትዕግስት ግን ሆዷን ይዛ ሳቀች። ጨርቁ መጋረጃ ነው አለች። ስንት ዓመት ደብዳቤ ሲጻፍለት የኖረ ማይክሮስኮፕ ለዩኒቨርሲቲው መጥቷል፤ የበሽታ ጀርም በቀለም ተነክሮ ሲታይ ያበራል፣ ግን ጨለማ ይፈልጋል። ለሦስት የትምህርት ክፍል አንድ ስለሆነ መምህሩም፣ ተማሪውም፣ ተመራማሪውም በተራ ይጠቀሙበታል። ዓይኗ የቀላው እሱን ስትገጣጥም እንቅልፍ አጥታ ነው። እኔ የእድሩን ድስት ቁልፍ የያዝኩ ሰው የጋራ ዕቃን መከራ አውቃለሁና፣ ማን ነው የሚያጥበው ብዬ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ሳሉ ያዘኝ። ሲያጣድፈኝ ትዕግስት ሳቋን አቆመች። “እትዬ አስካለ፣ ይሄ ሳል ስንት ጊዜው ነው?”

በዚያው ቀን እጄን ይዛ የዩኒቨርሲቲው ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። አክታዬ በዚያ መሣሪያ ታየ። የሳንባ ነቀርሳ! ገና ሳይጠናብኝ ነው የደረሱብኝ። መድኃኒቱን ከጀመርኩ በኋላ አፍና አፍንጫዬን ሸፍና ከመጋረጃው ውስጥ አስገባችኝና ጀርሙን አየሁት፤ ጨለማው ላይ እንደ ተሰባበረ ፓስታ ቢጫ ሆኖ ያበራል። የሰፈሩን ጓዳ ሁሉ የማውቅ ሴትዮ፣ በገዛ ደረቴ ማን እንደተከራየ አላውቅም ነበር!

ስድስት ወር ዋጥኩ፣ ዳንኩ። እማማ ዘነበች እንኳ እየተቆጡ ሾርባ ያመላልሱልኝ ነበር። ያን መሣሪያ የለመነውንም፣ የሰጠውንም፣ ተራውን የለቀቀልኝንም ተማሪ እግዜር ይስጠው።

ሰፈሩ እስከ ዛሬ ይስቅብኛል። ይሳቅ! ለቅሶ የቀረበው ቤት አለ ማለቴ እኮ ልክ ነበር። ድንኳኑን አንድ በር አሳልፌ ወሰድኩት እንጂ።