ሰው ያለ መጠቅለያ

ትናንት ሌሊት ሕልም አየሁ። ሕልም እልም ይበል ብዬ ደጋግሜ አማትቤያለሁ፤ እሱ ግን እልም አላለም። እልም ማለት ያማረኝ እኔ ነኝ።

መጀመሪያ በምን ሁኔታ እንደተኛሁ ልንገራችሁ። ልጄን ረድኤትን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች እሑድ በማለዳ ይመጣሉ ተብሎ ቤቱ በአንድ እግሩ ቆሟል። ረድኤት ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። የጠያቂው ልጅ አክስት፣ አፏ ይያዝና፣ "ጊዜዋ ያለፈባት ናት፤ አባቷ ገና በሩን ሳንረግጥ ይሰጠናል" ብላ ማውራቷን ሰምተናል። ማታ ልጄ አጠገቤ ቁጭ አለች።

"አባዬ፣ እኔ ኪሩቤልን እወደዋለሁ። ግን አደራህን፣ በመጀመሪያው ቀን እሺ እንዳትል። ተማክረን እናሳውቃችኋለን በላቸው፣ ሌላ ቀን ይመለሱ። እንደተረፈ ዕቃ እንዳታስረክበኝ።"

"እኔ? እኔ ሰይፈ? ጫማቸው እስኪያልቅ ነው የማመላልሳቸው!" ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

ሚስቴ አስካለ ከጓዳ ሆና "ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ተጠንቀቅ" አለች። እንግዲህ በማለዳ ሲመጡ ከባድ እንቅልፍ እንዳይዘኝ ብዬ ሳሎን ሶፋው ላይ ጋደም አልኩ። ጉዱ የጀመረው ከዚያ ነው።

በሕልሜ የምሠራበት ሱፐርማርኬት ደጃፍ ላይ ቆሜያለሁ። እዚያ የአትክልትና ፍራፍሬ ክፍል ኃላፊ ነኝ። ኪያሩን አንድ በአንድ በላስቲክ የማስጠቀልለው፣ ሙዙን በፎም ሳህን አስተኝቼ ከላይ ላስቲክ የምወጥርበት እኔ ነኝ። ላስቲክ ይቀነስ የሚል ስብሰባ ሲጠራ እጄን አውጥቼ "ደንበኛ እኮ በዓይኑ ነው የሚበላው!" ያልኩትም እኔው ነኝ፤ ተጨብጭቦልኛል። ታዲያ በሩ ላይ የሚፈትሸው ዘበኛ ኪያር ሆኖ አገኘሁት። ረጅም ካፖርት ለብሷል፣ ቆብ ደፍቷል።

"ጋሼ፣ መጠቅለያዎን ያውልቁ" አለኝ።

"የምን መጠቅለያ?"

"ኮቱን፣ ሸሚዙን፣ ሱሪውን። ካልሲውንም። ለሰው መጠቅለያ ተከልክሏል፣ አልሰሙም?"

"ኧረ በስመ አብ! ራቁቴን ልግባ?"

"ቆዳ የለዎትም?"

"አለኝ።"

"ታዲያ እግዜር ቆዳ ሰጥቶዎት ከላዩ ላይ ሱፍ ምን ያደርግልዎታል? ሙዝ እንኳ ይሄን ያህል አይንቀባረርም።"

ለዚህ ነቅቼም መልስ ፈልጌ አላገኘሁለትም። አወለቅኩ። ለሽማግሌዎቹ ያሰፋሁትን አዲሱን ሱፌን እንደ ድንች ልጣጭ በርሜል ውስጥ ጣለው። ለምኜው፣ እጁን ስሜ፣ ፓንቴን ተወልኝ። እሱም ቢሆን ወገቡ የላላ፣ አስካለ ስንት ጊዜ "ይሄን ነገር ለወለል መጥረጊያ ስጠኝ" ያለችው ነው። ሰው ስንት አዲስ ፓንት እያለው ለሕልም ይሄን ይለብሳል? የኔ ነገር!

ውስጥ ስገባ ቲማቲሞች ጋሪ ይገፋሉ፤ ካሮቶች ሒሳብ ለመክፈል ተሰልፈው በስልክ ያወራሉ። ሰው ደግሞ መደርደሪያው ላይ ነው። ወጣቱ ከፊት፣ ሸምገል ያለው ከኋላ፣ ሁሉም እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ተኮልኩሏል። ሁለት ጥቅል ጎመኖች ብብቴን ይዘው አነሱኝና ከአለቃዬ ከወይዘሮ እልፍነሽ ጎን ቁጭ አደረጉኝ። እሳቸውም በውስጥ ልብሳቸው ናቸው። እኔ ጣሪያውን አየሁ፣ እሳቸው ወለሉን አዩ።

"ሰይፈ" አሉኝ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ "ይሄን ነገር ሰኞ ስብሰባ ላይ እንዳታነሳብኝ።"

"የቱን ነገር እትዬ?"

"ጎበዝ።"

በዚህ መሀል ነጠላ ያጣፋች አንዲት ወፍራም ቀይ ሽንኩርት መጣች። ጉንጬን በሁለት ጣቷ ጨመቅ አደረገችኝ፣ ቀጥላ ሆዴን። ትንፋሼን ውጬ ሆዴን ወደ ውስጥ ሳብኩ።

"አይ፣ ይሄኛውስ ለስልሷል" አለች ለጓደኛዋ። "የጾም ነው የፍስክ?"

"የፍስክ ነው" አለ ጎመኑ። "ዓርብ ክትፎ በልቷል።"

"ውይ! በዓርብ? ይሄን በሚያህል ሽበት?"

"ድሮ ተጠቅልሎ ነበራ የሚመጣው፤ ማን አይቶት።"

እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። ፊቴ እንዴት እንደቀላ ልንገራችሁ? በዚያ የሚያልፉ ቲማቲሞች ዘመዳቸው መስያቸው ሰላም አሉኝ። ወይዘሮ እልፍነሽ እንኳ ከጎኔ ፈቀቅ አሉ። ያኔ ድንገት ሽማግሌዎቹ ትዝ አሉኝና ከመደርደሪያው ዘልዬ ወረድኩ፤ እንዳለሁ እብስ አልኩ።

መንገዱን የሞላው ፌስታል ነው። ቀዩ፣ ሰማያዊው፣ ባለመስመሩ፣ ሁሉም ደንበኛ ሰው ሆኖ ይሄዳል፣ ታክሲ ይጋፋል፣ ጫማ ያስጠርጋል። ሰውን ግን ነፋስ እያንከባለለ ይነዳዋል። ቱቦው በሰው ተደፍኗል። የዕድራችን ዳኛ ጋሽ ተሰማ የትምህርት ቤቱ የሽቦ አጥር ላይ ተሰክተው ይውለበለባሉ።

"ደህና አደሩ ጋሽ ተሰማ?"

"እግዜር ይመስገን። ሌላ ነፋስ እስኪመጣ እዚሁ ነኝ" አሉኝ፣ አልተከፉም።

አንዲት ትንሽ ቢጫ ፌስታል እጇን ልትዘረጋልኝ ስትል እናቷ ጎትታ ያዘቻት። "አትንኪው ልጄ! ሰው እኮ ነው። ደግሞ አይበሰብስም፣ ለልጅ ልጅሽ ይተርፋል።"

ልቤ ስብር አለ። እኔ ሰይፈ፣ የሦስት ቤት ለቅሶ በአንድ ቀን የምደርስ ሰው፣ ቆሻሻ ተባልኩ! ግን ቆሜ ልከራከር? በአንድ እጄ ፓንቴን ይዤ እንዴት አድርጌ ነው የምከራከረው? ዝም ብዬ አለፍኩ። ታክሲ ማቆሚያው ጋ አንድ ሽማግሌ ጥቁር ፌስታል ጋዜጣ ሲያነብ አየሁና እግሩ ላይ ወደቅኩ።

"እባክዎ ጋሼ፣ ይሸፍኑኝ። ቤት እስክደርስ ብቻ! ዛሬ ሽማግሌ ይመጣብኛል።"

"እኔ እንደምሸፍን በምን አወቅክ?"

"ጥቁር ነዎት። በጾም ሥጋ ስገዛ ከጎረቤት ዓይን የሚያተርፉኝ እርስዎ አይደሉ?"

ጋዜጣውን አጠፈው። "ቤት ስትደርስስ?"

ፓንቴን ሳብ አደረግኩ።

"እኔ ልንገርህ። ሥጋው ወደ ድስት፣ እኔ ወደ ቦይ። ያን ሁሉ ገመናህን ደብቄልህ ስመጣ፣ አንድ ቀን፣ አንድ ቀን እንኳ፣ እስቲ ግባ አረፍ በል ብለኸኛል?"

አላልኩትም። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ታክሲው መጣ፣ ፌስታሉ ገባ፣ ሄደ።

ከዚያ እንዴት እንደደረስኩ እንጃ፣ ቤቴ ነኝ። ሳሎን ውስጥ ሽማግሌዎቹ ቆመዋል። መሀል ላይ አንድ ትልቅ ቀይ በሬ ጋቢ ለብሶ ዱላውን ተደግፏል፤ በግራው አህያ፣ በቀኙ ፍየል። ረድኤት ጥግ ላይ ናት። እሷን ማንም አላስወለቃትም፣ ነጭ ቀሚሷን ለብሳለች፣ ሹሩባዋ ያምራል። አባቷን ላለማየት ግን ዓይኗን ጨፍናለች። ከሁሉም፣ ከሽንኩርቷም ከፌስታሉም፣ ያንገበገበኝ ይሄ ነው። ተሹለክልኬ ፍሪጁ ኋላ ቆምኩና አንገቴን ብቻ አወጣሁ።

"ቁጭ በሉ እንጂ አባቶች!"

"መልሳችንን ሳንሰማ አንቀመጥም" አለ በሬው። "ልጅዎን ለልጃችን ይስጡልን ብለን ነው የመጣነው።"

"ልጃችሁ ማን ነው?"

"የውኃ ፕላስቲክ ነው። ባለ ሁለት ሊትር።"

"ባዶ?"

"ለጊዜው ባዶ ነው" አለ ፍየሉ ቶሎ ብሎ፣ "ግን ክዳኑ አልጠፋም። ዘሩንም ብትጠይቁ ንጹሕ ነው፤ እስከ ሰባት ቤት ብትቆጥሩ ነዳጅ ነው።"

አህያው ራሱን ነቀነቀ። ይሄኔ በሬው ሳል ያዘው። ሳለ፣ ሳለ፣ ከዚያ ከጉሮሮው ውስጥ የአንድ ፌስታል ጫፍ ብቅ አለ። ፍየሉ ይዞ ጎተተው። እሱ ሲወጣ ሌላ ተከተለ፤ ያ ሲወጣ የኪያር ላስቲክ፣ የሙዝ ላስቲክ፣ የፎም ሳህን ስባሪ። በሬው ሲጨርስ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር።

"ይቅርታ አድርጉልኝ" አለ በጨዋ ደንብ። "ሆዴን ካመመኝ ቆይቷል። ሣሩ መሀል ይሆናል፣ አላየሁትም። ይሄ የእርስዎ ነው?"

"የኔ ነው" አልኩ።

"ይሄስ?"

"እሱም የኔ ነው።"

"እኛ ለጠብ አልመጣንም" አለ በሬው፣ እንባውን በጋቢው ጫፍ እየጠረገ። "እንደውም ተቸግረው እያየን ነው። መልስዎን ይስጡንና ከነዚህ አንዱን ሸፈን ይበሉበት።"

መልሱን አውቀዋለሁ እኮ! ማታ አጥንቼዋለሁ። ተማክረን እናሳውቃችኋለን። አለቀ፣ ሌላ ነገር የለውም። ረድኤትም ዓይኗን እንደጨፈነች ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ታስታውሰኛለች፤ "ተማክረን" የሚለውን ከከንፈሯ አነበብኩት። "ተማክ..." ብዬ ጀመርኩ። ያኔ ፍሪጁ፣ የገዛ ቤቴ ፍሪጅ፣ "ደከመኝ" ብሎ ወጥቶ ሄደ። ሳሎኑ መሀል እንደ ጅብራ ተገተርኩ። መስኮቱ ላይ የጎረቤት ድንቾች ተደርድረው ያያሉ፣ ሽንኩርቷም አለች፣ "ያ የዓርቡ ሰውዬ!" ብላ ጮኸች፣ ሁሉም ሳቀ። ፓንቴ ደግሞ ወገቡን ለቀቀ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይሏችኋል ይሄ ነው። ምራቁ ያልደረቀው፣ የሚያዳልጠው ፌስታል በበሬው ቀንድ ላይ ተንጠልጥሎ ይታየኛል። እንዴት እንደቋመጥኩለት አልነግራችሁም። በዓለም ላይ ከሱ በቀር የሚታየኝ ነገር ጠፋ። ልጄም ጠፋች።

"ውሰዷት!" ብዬ ጮህኩ ባለ በሌለ ድምፄ። "ዛሬውኑ ውሰዷት! ብቻ አንድ ፌስታል ስጡኝ!"

የገዛ ጩኸቴ ቀሰቀሰኝ።

ነግቷል። ብርድ ልብሱ ወለሉ ላይ ወድቋል። ሶፋው ከተገዛ ጀምሮ አስካለ "ይቆሽሻል" ብላ የፋብሪካ ላስቲኩን አላስነሳችም፤ ላብ በላብ ሆኜ ጀርባዬ እሱ ላይ ተጣብቋል። ያ ፓንት፣ እውነተኛው፣ ላዬ ላይ አለ፤ ሌላ ነገር የለም። ሲጢጥ እያልኩ ቀና ስል ከፊቴ ሦስት ነጭ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። በሩን የከፈተችላቸው አስካለ አፏን በሁለት እጇ ይዛለች። ረድኤት ኮሪደሩ ላይ ናት።

ዓይኗ አልተጨፈነም። እኔን አየችኝ፣ እነሱን አየች፣ ከዚያ ቀስ ብላ ዞረች። የመኝታ ቤቷ ቁልፍ ሲዞር ሰማሁ።

በመጨረሻ የኪሩቤል አጎት፣ አቶ ዘውገ፣ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

"ሰማችሁ?" አሉ ሁለቱን።

"ሰማን" አሉ ሁለቱ።

"እግዜር ይስጥልን። እኛ እንኳ ለመመላለስ ተዘጋጅተን ነበር" አሉና ተቀመጡ። ከዚያ ወደ እኔ ሳያዩ፣ በባዶ እጅ አይኬድም ብለው ያመጡትን ብርቱካን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉና ፌስታሉን አቀበሉኝ።