ሠረገላው የት ይቁም

ታላላቅ ሰዎች ጡረታ ሲወጡ ዓሣ ያጠምዳሉ፤ ከሁሉ የላቁት ግን የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ሊቀመንበር ይሆናሉ። በሰሜን ኖርዌይ የሚኖሩት ክቡር ሃልቫርድ ከመምህርነት ሲሰናበቱ ሊቀመንበርነቱን የተቀበሉት፣ እውቀታቸው ቤት ተቀምጦ እንዳይሻግት ሲሉ ነው።

ጎረቤታቸው ቱሩን ሕፃን ልጇን አይናርን እንደ አገሩ ልማድ ጥቅልል አድርጋ፣ ከወጥ ቤቷ መስኮት ሥር፣ ውርጩ ላይ በጋሪው ታስተኛዋለች። ቤት ውስጥማ እንቅልፍ የሚባል በዓይኑ አይዞርም። እሷም እፎይ የምትለው እሱ ሲተኛ ብቻ ነው።

ሊቀመንበሩ ጋሪውን አዩ፤ መዝገበ ቃላት ገለጡ። ወዲያው ጠቅላላ ጉባኤ ተጠራ፤ ዋፍልና ቡናማ አይብም ቀረበ።

«ክቡራን! የሕፃን ጋሪ በቋንቋችን ‹ባርኔቮግን› ይባላል። ‹ባርን› ልጅ፣ ‹ቮግን› ሠረገላ። በደንባችን ደግሞ ሠረገላ የሆነ ሁሉ ቦታው ከኮረብታው ጀርባ፣ መኪና ማቆሚያው ነው።»

«እዚያ ሆኖ ቢያለቅስ በምን እሰማዋለሁ?» አለች ቱሩን።

«ስሜት ሌላ፣ ሥርወ ቃል ሌላ፣ ልጄ። ‹ባርን› ራሱ በጥንቱ ቋንቋ ‹መሸከም› ከሚል ግሥ የወጣ…»

«ታዲያ የተሸከመችው እሷ አይደለችም እንዴ? እሷ ትናገራ!» አሉ አሮጊቷ ጉንቮር፣ አይባቸውን እያላመጡ።

አዳራሹ በሳቅ አወካ። በእናቱ እቅፍ የነበረው አይናርም ደንግጦ ጩኸቱን ለቀቀው። ቢያባብሉት፣ ቢወዘውዙት፣ ወይ ፍንክች! ንግግራቸው የተዋጠባቸው ሊቀመንበር ታዲያ «ወዲህ አምጪው!» ብለው ጋሪው ውስጥ ከተቱትና ወደ ደጅ ገፉት። የተዘጋጁበት ነገርም እንዳይባክን፣ በረዶው ላይ ቆመው ስለ ሠረገላ አመጣጥ ያብራሩለት ጀመር። ገና መግቢያውን ሳይጨርሱ ልጁ ጭጭ አለ። በማስተማር ዘመናቸው ሁሉ ትምህርታቸው እንዲህ የሠመረለት ተማሪ አልነበራቸውም።

ሊገቡ ዘወር ሲሉ፣ «እኝኝ!»

ተመልሰው ቀጠሉ፤ ተኛ። ዝም አሉ፤ «እኝኝ!»

ጉንቮር መስኮቱን ከፈቱ። «ሃልቫርድ፣ ድምፅ ልንሰጥ ነው!»

«ያለ እኔ? ጠብቁኝ እንጂ!»

«ኧረ ቀስ በል፣ ልጁን ትቀሰቅሰዋለህ!»

ቱሩን ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ እንቅልፍ ወስዷት ስለነበር እጇን አላወጣችም። የቀሩት በሙሉ ድምፅ ወሰኑ፤ ጋሪው ከመስኮቷ ሥር ይቁም፣ ሊቀመንበሩም አጠገቡ።