የገብስ ዘር ዌብሳይት

[አሰላ፣ የኮሌጅ ኮምፒውተር ክፍል። ፈይሩዛ የከተማው ልጅ፣ የክፍሉ አንደኛ ናት። ጉቱ ከሮቤ ገጠር የመጣ የፕሮጀክት ጓደኛዋ ነው። ገበሬዎች ለምርጥ የገብስ ዘር የሚመዘገቡበትን ዌብሳይት ሠርተዋል። ሁለቱም ስክሪኑ ላይ አፍጥጠዋል።]

ጉቱ፦ ይሄ ስንዴ ነው።

ፈይሩዛ፦ ገብስ ነው አልኩህ!

ጉቱ፦ እኔ እኮ ገብስ ውስጥ ነው ያደግኩት። ፎቶው የስንዴ ነው።

ፈይሩዛ፦ ከኢንተርኔት ነው ያወረድኩት፤ ከሥሩ ገብስ ይላል። ከኢንተርኔት ትበልጣለህ?

ጉቱ፦ ገብስ ጢሙ ረጅም ነው። ይሄ የተላጨ ነው።

ፈይሩዛ፦ አቦ ተወኝ! ቲቸር ሮሐ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ትመጣለች። ዌብሳይቱ ካልሠራ ኮርሱን መድገማችን ነው፤ ምርቃትም ቀረ። አንተ ስለ ጢም ታወራለህ! ይልቅ ስትጠይቅህ እንዳታዋርደኝ። ዳታቤዝ ምንድን ነው?

ጉቱ፦ የቀበሌያችን ፀሐፊ ደብተር።

ፈይሩዛ፦ ያ ረቢ! ሦስት ዓመት ተምረህ ደብተር?

ጉቱ፦ ስም ይጻፍበታል፣ ሲፈለግ ይገኛል። ደግሞ መብራት ሲጠፋም ይሠራል።

ፈይሩዛ፦ ስማ፣ የእኔ ዳታቤዝ ሰውን የሚለየው በስልክ ቁጥሩ ነው። አንድ ቁጥር፣ አንድ ሰው! በዚያው ቁጥር ሌላ ምዝገባ ከመጣ አሮጌውን አጥፍቶ አዲሱን ይተካል። ራሴ ነኝ የጻፍኩት፤ ኃላፊ ሆኜ የተመዘገብኩትም በዚሁ በስልኬ ቁጥር ነው።

ጉቱ፦ አንድ ስልክ ለአምስት ሰው ከሆነስ?

ፈይሩዛ፦ በዚህ ዘመን ስልክ የሌለው ማን አለ?

[የፈይሩዛ ስልክ ይጠራል።]

ፈይሩዛ፦ አቤት እማማ ዙቤዳ! ደህና ነዎት? ... አዎ በልቷል፣ ሁለት ሳምቡሳ። ... እሺ፣ እነግረዋለሁ። [ዘጋች] እናትህ ናቸው። ለዘሩ እኔን መመዝገብ እንዳትረሳ ብለውሃል። ስልክህ ከጋሪ ወድቆ ከተሰበረ ጀምሮ እኔ የቤታችሁ ስልክ ሆንኩ እኮ!

ጉቱ፦ እሷም የደወለችው በጎረቤት ስልክ ነው።

ፈይሩዛ፦ በል ወሬውን ተውና አንድ ገበሬ መዝግብ፤ እንሞክረው። ፓስወርድ ሲጠይቅህ የማትረሳውን ጻፍ። ውሃ ጠጥቼ መጣሁ።

[ወጣች። ጉቱ በአንድ ጣቱ እየፈለገ ጻፈ። ተመለሰች።]

ጉቱ፦ ጨርሻለሁ። እዪው።

ፈይሩዛ፦ [ታነባለች] «እንኳን ደህና መጡ፣ ወይዘሮ ዙቤዳ፣ የዌብሳይቱ ኃላፊ።» ምን? ኃላፊዋ እኔ ነኝ! አምጣ ወዲህ!

[ማውሱን ነጠቀችው። ከገጹ ወጥታ በራሷ ፓስወርድ ለመግባት ሞከረች።]

ፈይሩዛ፦ ፓስወርድ ተሳስተሻል ይለኛል! የሠራሁት ዌብሳይት እኔኑ! ጉቱ፣ እናትህን በማን ስልክ ነው የመዘገብካቸው?

ጉቱ፦ በአንቺ ነዋ። ዘሩ ሲመጣ በማን ይደውሉላት?

ፈይሩዛ፦ አጠፋኸኝ!

ጉቱ፦ እኔ ምን አደረግኩ? አሮጌውን ያጠፋል ያልሽው ራስሽ ነሽ።

ፈይሩዛ፦ [ጭንቅላቷን ይዛ] ያ... ያ የቀበሌያችሁ ፀሐፊ ሰውን በምን ይለያል?

ጉቱ፦ ለእያንዳንዱ ሰው ተራ ቁጥር ይሰጣላ። ከዲሮ የሚባሉ አራት አሉ፤ ስልክ ያለው አንዱ ነው። እስከዛሬ አንድም ከዲሮ አልጠፋም።

ፈይሩዛ፦ ተራ ቁጥር! ገብቼ አሁኑኑ አስተካክለዋለሁ። አሥር ደቂቃ ይበቃኛል። በእናትህ፣ ፓስወርዱን ንገረኝ!

ጉቱ፦ በእናቴ? እሷማ አሁን አለቃሽ ናት።

ፈይሩዛ፦ ጉቱ!

ጉቱ፦ የማትረሳውን ጻፍ ስትዪኝ የማልረሳውን ጻፍኩ። ግን አትወጂውም።

ፈይሩዛ፦ ምንም ይሁን፣ እጽፈዋለሁ!

ጉቱ፦ «ይሄ ስንዴ ነው።»

[ፈይሩዛ ፎቶውን አየች፣ ጉቱን አየች፣ ሰዓቷን አየች። ጻፈች።]

ፈይሩዛ፦ እምቢ አለ!

ጉቱ፦ ምን ብለሽ ጻፍሽ?

ፈይሩዛ፦ ... ገብስ።

ጉቱ፦ በይ እንደገና።

[ጥርሷን ነክሳ ጻፈች። ተከፈተ።]

ፈይሩዛ፦ እሺ፣ አሸነፍክ። አሁን የእውነት የገብስ ፎቶ ከየት እናምጣ?

ጉቱ፦ ኃላፊዋን ልጠይቃት። ስልክሽን ስጪኝ።